ለየብቻ ይሁን ያለው ወርቅነህ

ወርቅነህ መሞቱን የሰማሁት ደባርቅ ጤና ጣቢያ፣ ከጎንደር የመጣ የዓይን ሐኪም ዘንድ ለመግባት ተራ ስጠብቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የዳባት ቄስ ጨዋታ ለመጀመር ያህል ሥራዬ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። ራዲዮ ጠጋኝ እንደነበርኩ ስነግራቸው፣ «እንግዲያማ የእኛን ወርቅነህን ያውቁታል። አርባውን ባለፈው ቅዳሜ አወጣን» አሉኝ። የሰማሁ መስሏቸው ነው እንዲያ በቀላሉ የተናገሩት። እኔ ግን የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በሁለት እጄ ያዝኩ። ቄሱ ፊቴን አይተው፣ «ወዳጅዎ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ወዳጄ አልነበረም። በሕይወቴ እንደሱ የቀናሁበት ሰው የለም። በወንድም መሬት፣ በጎረቤት በሬ፣ በሰው ሹመት ቀንቼ አላውቅም። በወርቅነህ ግን በእጁ ቀናሁ፣ በጆሮው ቀናሁ፣ በዝምታው ቀናሁ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባቴ እሱ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ሲስቁ እያየሁ ቀናሁ። አሁን ዕድሜዬም ሄዷል፣ እሱም የለም፤ የሆነውን እንደሆነው መናገር ይሻላል።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ መጀመሪያ ራዲዮ የምጠግነው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሙያውን አስመራ ሄጄ በትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ምስክር ወረቀቴን መስታወት አስገብቼ ግድግዳው ላይ፣ ከበር ሲገቡ ፊት ለፊት እንዲታይ አድርጌ ሰቅዬው ነበር። ከጊች ገብስ ጭነው የሚወርዱ ገበሬዎች፣ ከቡይት ራስ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ መምህራኑም ሆኑ ወታደሮቹ፣ የተበላሸ ራዲዮ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። እጄን በእጃቸው ይዘው «ደምሴ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ይሉኝ ነበር። ሰው ይህን ደጋግሞ ሲሰማ እውነት ይመስለዋል።

ከዚያ ወርቅነህ መጣ። ከእኔ ሱቅ ሃያ እርምጃ ያህል አለፍ ብሎ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየ። የዳባት ልጅ ነው። በልጅነቱ ከደብር ደብር እየዞረ ዜማ ተምሯል። ጾመ ድጓን ጨርሶ ድጓ እንደጀመረ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ እንጀራ ፍለጋ ጎንደር ወረደ። እዚያም አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ጣቶቹ ግን የአራሽ ጣቶች ናቸው፤ ያን ጸጉር የሚያክል ሽቦ በነዚያ ጣቶች እንዴት እንደሚይዘው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ራዲዮ ሲመጣለት እንደኛ ቶሎ ክዳኑን አይፈታም። አንዲት የወይራ እንጨት ነበረችው። አንዱን ጫፍ ራዲዮኑ ላይ ያሳርፍና ሌላውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ድምፁን በአጥንቱ ይሰማው ነበር። ሰዎች ሲስቁበት፣ «በሽተኛው ሳይናገር ሐኪሙ ምን ያውቃል» ይላል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሳቄን የቆረጠው አንድ የጊች ገበሬ ነው። ይህ ሰውዬ ራዲዮኑን በበግ ለምድ ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ አመጣልኝ። ከፍቼ አየሁትና ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ ዕቃው ከጎንደርም አይገኝም ብዬ መለስኩት። ሰውዬው ሃያ እርምጃ አልፎ ወርቅነህ ጋ ገባ። ወርቅነህ እንጨቱን ነክሶ ሲያዳምጥ ቆየና የድምፅ መቆጣጠሪያውን ብቻ አወጣ። ዕቃው የምድጃ ጭስ ውስጥ ዓመታት ከርሞ ጥላሸት በልቶት ነበር። በንጹሕ አረቄ አጥቦ መለሰው። ራዲዮኑ ተናገረ።

እኔ ወር አይቆይም ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ገበሬው ግን በየገበያው ቀን ያንን ራዲዮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ እያናገረው፣ በእኔ ደጃፍ ያልፍ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ መንገዱ በዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ገበያው በደረሰ ቁጥር ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር።

ይህስ ይሁን። የከበደኝ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ መሪጌታ ጥሩነህ በዚያ አገር የታወቁ የዜማ መምህር ነበሩ። ከአምቢኮ ሳይቀር ተማሪ እየመጣላቸው አስተምረዋል። እኔ የበኩር ልጃቸው ነኝና ወንበራቸውን እንድወርስ ነበር ሐሳባቸው። እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመቴ ድጓውን ትቼ፣ ሳልሰናበታቸው በጭነት መኪና አስመራ ገባሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ስመለስ አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ወርቅነህ ደባርቅ በመጣበት ጊዜ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ በሱቄ በር ይመጣሉ። «ደምሴ፣ እንዴት አደርክ?» ይላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ» እላለሁ። ከዚያ ቆም ሳይሉ አልፈው ወርቅነህ ጋ ይሄዳሉ።

ወርቅነህ ከሩቅ ሲያያቸው ይነሳል። «የኔታ» ብሎ ጉልበት ይስማል። የበግ ቆዳ የተነጠፈበት በርጩማ አዘጋጅቶላቸው ነበር። እዚያ ተቀምጠው እኩለ ቀን እስኪሆን ያወራሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ በሩ ገርበብ ይልና ድምፃቸው አይሰማም። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ እኔም ጋ ወንበር አለ እኮ አልኳቸው። «አውቃለሁ፤ ያንተ ቤት ይጮሃል፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ገበያ እንዲስብልኝ ብዬ ትልቁን ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አስጮኸው ነበር። ይህን ካሉኝ በኋላ መቀነስ ሲገባኝ በእልህ ጨመርኩት።

በዚህ መሃል ነው የአዳራሹ ነገር የመጣው። ከበላይ ለቀበሌው አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ተሰጠው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ አዳራሽ እየገባ ፊልም እንዲያይ ታሰበ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ፤ ነገር ግን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከሦስተኛው አግዳሚ አላለፈም። ከኋላ ያለው ሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ እያየ ወጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዳነ፣ ቀልጣፋና ቁጡ ሰው፣ እኔንና ወርቅነህን ኮሚቴው ፊት ጠራን። አንድ የጎንደር ነጋዴ ሁለት ዓይነት ዕቃ እንዳለው አስታውቋል። አንደኛው ሪሲቨር የሚባለው ነው፤ ራዲዮኑም፣ ማጉያውም፣ መቆጣጠሪያውም በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ። ሁለተኛው ከአንድ ከተዘጋ ሆቴል የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ማጉያው ለብቻ፣ ራዲዮኑ ለብቻ፣ መቆጣጠሪያው ለብቻ፣ ሦስት ሳጥን። የትኛው ይሻላል? ሐሳቡ የተመረጠለት ሰው የአዳራሹ ባለሙያ ተብሎ ይሾማል።

ወርቅነህ መጀመሪያ ተናገረ። ሲናገር አይቸኩልም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው አንገቱን ወደሱ ያዘነብላል።

«ለየብቻ ይሁን» አለ። «ማኅሌት ላይ መሪው ሌላ ነው፣ ከበሮ መቺው ሌላ ነው፣ ጸናጽል የያዘው ሌላ ነው። ሁሉንም አንድ ሰው ይሥራው ብንል፣ ያ ሰው ጉንፋን የያዘው ቀን ማኅሌቱ ይቀራል። አንድ ሳጥን ሲሆን ደግሞ የመብራቱ ጉርምርምታ ከድምፁ ጋር ይቀላቀላል። ለየብቻ ሲሆን ድምፁ ንጹሕ ነው፤ አንዱ ቢታመም ያንን ብቻ እናክማለን።»

የኮሚቴው ሰዎች ምንም እንኳ የማኅሌት ነገር በዚያ ቦታ የሚነሳ ባይሆንም፣ ሁሉም የገበሬና የካህን ልጆች ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ።

እኔም የራሴን ተናገርኩ። አዳራሹን ከፍቶ የሚዘጋው ዘበኛው ነው፤ አንድ ማብሪያ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ሳጥን ከሆነ ማንም ያስነሳዋል፤ ሦስት ሳጥን ከሆነ ግን አንዱን ገመድ ካንዱ ለማገናኘት በየሳምንቱ ባለሙያ ሊጠራ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ደግሞ የሰው ጫማ ነው፣ የት እንደሚቆነጥጥ ሳያደርጉት አይታወቅም አልኩ። ዛሬም ቢሆን ሐሳቤ የሞኝ ሐሳብ ነበር አልልም። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ የሁለት ባለሙያ ክርክር ሆኖ ይቀር ነበር። ግን የጓድ አዳነ ዓይን ወደ ወርቅነህ ሲመለስ አየሁ። ያኔ አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ጓድ ሊቀመንበር። አዳራሹ የሚያስፈልገው የቪዲዮ ድምፅ ነው። ለብቻው የቆመ፣ ሩቅ ጣቢያ የሚስብ ራዲዮ ወርቅነህ ለምን እንደፈለገው አልገባኝም። ሱቁም ውስጥ እንዲህ ያለ አለው። በሩን ገርበብ አድርጎ ከሽማግሌ ጋር ምን እንደሚሰማ እንጃ።»

ያ ዘመን የጫካው ራዲዮ፣ የአማፂዎቹ ጣቢያ፣ ተደብቆ የሚሰማበት ዘመን ነው። ያንን ጣቢያ ሰምቷል የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ልጅ እንኳ ያውቃል። ወርቅነህ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየኝ ሁሉ ብቻ አየኝ። እኔ ከአዳራሹ ስወጣ ደፉን እንደተሻገርኩ ነው «ሽማግሌ» ያልኩት ሰው የገዛ አባቴ መሆናቸው ትዝ ያለኝ።

ኮሚቴው ሪሲቨሩን መረጠ። በሁለተኛው ቀን ወርቅነህ ተያዘ። ራዲዮኑን፣ ቴፑንና አንድ ካርቶን ካሴት ጭነው ሱቁን አሸጉት። አባቴን ማንም አልነካቸውም፤ ምናልባት ዓይነ ስውርነታቸው አዳናቸው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው መጡ። እንዴት አደርክ አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው፤ አልፈው ሄዱ። የታሸገው በር ላይ ሲደርሱ በእጃቸው ዳስሰው ቁልፉን አገኙት። በርጩማው ውስጥ ተቆልፎበታል። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የየካቲት ብርድ ነበርና ሮጬ ሄጄ እኔ ጋ ይምጡ፣ ይሞቅዎታል አልኳቸው። «ልጁ ሲመጣ ሰው ባያገኝ ይከፋዋል» አሉኝ። በዚያ ብርድ ድንጋይ ላይ፣ በየቀኑ፣ ስድስት ሳምንት ተቀመጡ።

በዚያው ጊዜ ሪሲቨሩ መጣ። ሁለት ትላልቅ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ሰቀልኩ፤ ገመዱን በጣራው ሥር ዘረጋሁ። የምርቃቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሲጀምር የፈረስ ኮቴ ከአንዱ ግድግዳ ተነስቶ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄደ፤ ሕዝቡ ፈረሱ በላዩ የሚያልፍ መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገና ከዚያ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ አዳነ ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ግን ጭብጨባው እየተሰማ ዓይኔ አግዳሚውን በሙሉ ያስስ ነበር። አባቴ አልመጡም። እስር ቤት የተቀመጠው ወርቅነህ፣ እኔ ደግሞ ሕዝብ ፊት የቆምኩት፤ ያም ሆኖ ቀናሁበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ መቶ አለቃው ጠራኝ። የወርቅነህን ጉዳይ የያዘው እሱ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ካሴት ተደርድሯል። «ስንሰማው የግዕዝ ዜማ ነው። ግን መሃል መሃል ሁለት ሰዎች ያወራሉ፤ ምስጢር ይሁን አይሁን አልገባንም። አንተ የድምፅ ባለሙያም ነህ፣ የመሪጌታም ልጅ ነህ። ስማና የሰማኸውን ጻፍ» አለኝ። ካሴቱን ከትቶ ቴፑን ከፈተው።

አባቴ ነበሩ። የሰማሁት ድምፅ ጠዋት በሱቄ በር የምሰማው፣ በሳል የሚቆራረጠው ድምፅ አልነበረም። ጉርምርምታ የለው፣ ሹክሹክታ የለው፤ ትንፋሻቸው እንኳ ተለይቶ ይሰማል። ልጅ ሆኜ ጉልበታቸው ሥር ተቀምጬ የሰማሁት ያ ድምፅ ነው። ወርቅነህ ዕቃውን ሁሉ ለየብቻ ያደረገው ለዚህ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ በእኔ ባለ አንድ ሳጥን ቴፕ ቢሆን ግማሹ ጩኸት ይሆን ነበር። የአንድ በዓል ዜማ አለቀ። ከዚያ ወርቅነህ፣ «የኔታ፣ ይህን ለማን ላስቀምጠው?» ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ።

«ለደምሴ ነው እንጂ ለማን» አሉ አባቴ። ትንሽ ሳቁ። «ድጓውን ትቶ የድምፅ ሳጥን ወደደ። እንግዲህ እኔ ሳጥኑ ውስጥ ልግባለት።»

መቶ አለቃው ቴፑን አቆመ። «ይህ ሳጥን የሚሉት ምንድን ነው?»

«እኔን ነው» አልኩት። «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት። ሰውየው አባቴ ናቸው። ሌላ ምንም የለበትም።»

ጽፌ ፈረምኩ። በአራተኛው ቀን ወርቅነህ ተፈታ። ከካሴቶቹ ዘጠኙ ተመለሱ፤ ሁለቱ የት እንደደረሱ አላውቅም።

ሰው ይህን ሲሰማ ልቤ የተመለሰ ይመስለው ይሆናል። ማፈሩን አፍሬያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር ብያለሁና፣ ከዚያ ቢሮ ስወጣ ከሐፍረቴ ጋር የባሰ ቅናት ነበር ይዤ የወጣሁት። አባቴ ለእኔ ያላቸውን ፍቅር ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። እኔ ተነፍጌያለሁ ብዬ ስቃጠል በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እሱ ያንን ፍቅር በካሴት እየቀዳ በካርቶን ያስቀምጥልኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ ከሱ መቀበል ነበረብኝ። ካሴቶቹን ሲያመጣልኝ አንገቴን አቀርቅሬ ተቀበልኩ። ይቅርታ አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ክረምት ከመግባቱ በፊት በደረቅ ቦታ አስቀምጣቸው ብቻ አለኝ።

ሪሲቨሩ ሁለት ወር ሠራ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የከተማው ጄኔሬተር ድንገት ኃይሉን ሲጨምር አዳራሹ ውስጥ የነበረው አምፖል ሁሉ ነጣና ከሳጥኑ ጭስ ወጣ። ወርቅነህ እንዳለው ሆነ፤ አንዱ ሲታመም ሁሉም ቀረ። ጓድ አዳነ ሕዝቡ ፊት ጮኸብኝ። ከዚያ ወርቅነህን አስጠራው። ወርቅነህ መጣ፤ ሳጥኑን ከፍቶ ረዥም ጊዜ አየው። ኮሚቴው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ያ ሰው እኔን በዚያች ሰዓት መቅበር ይችል ነበር። አላልኳችሁም ወይ ብቻ ቢል ይበቃ ነበር።

«ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው» አለ። «ደምሴ ሲመርጥ አልተሳሳተም። የገደለው መብራቱ ነው። የእኔ ሦስት ሳጥንም ቢሆን ከዚህ መብራት አይተርፍም ነበር።»

ውሸቱን ነው። ሦስት ሳጥን ቢሆን አንዱ ይቃጠል ይሆናል እንጂ ሁሉም አይቃጠልም፤ ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። ከዚያ ሁለታችን ተቀምጠን ሠራን። መብራት የሚያስገባው ክፍል ነው የነደደው፤ ማጉያው ደህና ነበር። ማጉያውን ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ለመብራቱ ሌላ ትራንስፎርመር ለብቻው በእንጨት ሳጥን አዘጋጀ። ሽቦውን ሲበይድ እኔ መብራት ያዝኩለት። ሲያልቅ ከመጀመሪያው የጠራ ድምፅ ወጣ። ጓድ አዳነ ንዴቱ በርዶለት፣ እንግዲህ ይህ የማን ምርጫ ነው፣ አንድ ሳጥን ነው ወይስ ለየብቻ ብሎ ሲስቅ፣ ወርቅነህ የሁለታችንም ነው አለው። አዳራሹ ደርግ እስኪወድቅ በዚያ ዕቃ ሠራ። እኔ ግን ያን ቀን ቢሰድበኝ በወደድኩ። ስድቡን እመልሰው ነበር፤ ደግነቱን የምመልስበት አልነበረኝም።

በተከታዩ ዓመት እናቱ ታመሙና ሱቁን ዘግቶ ዳባት ገባ። አባቴ ወደዚያ ደጃፍ መሄድ ተዉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ወርቅነህ ለቀብሩ ከዳባት በእግሩ መጣ። ተማሪዎቻቸው ግራና ቀኝ ቆመው ሲያሸበሽቡ እሱም መካከላቸው ገብቶ፣ የአባቴን ዜማ በአባቴ አካሄድ አዜመ። እኔ፣ የበኩር ልጃቸው፣ ቃሉን ረስቼው ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ለአባቴ ያለቀስኩ መሰለው። ግማሹ ለአባቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አየሁት። የደርግ የመጨረሻው ዓመት ነው፤ መንገዱ በወታደር መኪና የተጨናነቀበት ጊዜ። ምክንያት ፈጥሬ በአውቶቡስ ዳባት ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ባለች ሱቁ ተቀምጦ የአንድ ቄስ ራዲዮ ይፈታ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። እንጀራ አስመጥቶ አበላኝ። ስለ ሥራ፣ ስለ ባትሪ ድንጋይ መጥፋት አወራን። ልሄድ ስነሳ ነው ስንት ዓመት የያዝኩትን ያወጣሁት።

«አባቴ ያውቁ ነበር?» አልኩት። ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም።

«ሰው ነግሯቸው ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «እስር ቤት ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። ከደጅ ጀምረው ሰው እጃቸውን ይዞ ነው ያስገባቸው። ስንቁን ሰጡኝና፣ ደምሴ ነው እንዴ፣ አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«አይደለም አልኳቸው። የኔታን በሕይወቴ የዋሸኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

ያመኑት እንደሆነ ጠየቅሁት። መበየጃውን አስቀመጠ። «እሱን እንጃ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር። እንደዚያ ያለ ምርቃት ከማንም አልሰማሁም።»

አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ተሳፋሪው ብዙ ስለነበር ረዳቱን ለምኖ ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጠኝ፤ በመስኮቱም በኩል ቆሎ በወረቀት ጠቅልሎ አቀበለኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሞተሩ ጮኸና አልሰማኝም፤ ወይም እኔ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ከዳባት ደባርቅ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ በደሌ መሆን ነበረበት። አልነበረም። የዋሸው ለእኔ ሲል ነው፤ አባቴ ግን እጃቸውን የጫኑት እሱ ራስ ላይ ነው። ደባርቅ እስክወርድ ድረስ ምን ብለው መርቀውት ይሆን እያልኩ ያችን ምርቃት ስመኝ ሄድኩ።